የበዓል ስጦታ ከጓዳ ሲወጣ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የገና ሰሞን ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። "እንዴት ልሥራው?" የሚለው ይቀንስና "ሠርቼ ለሰው ብልከው ይበላሽብኝ ይሆን?" የሚለው ይበዛል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከከተማው ዳር ዳር የመጡ ናቸው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ መንገድ። እዚያው ማዕድ ላይ ከሚያልቅ ምግብ ይልቅ ለሰው የሚላክ ምግብ ሥራው ይከብዳል፤ ተጉዞ ይደርሳል፣ ሰንብቶ ይበላል። መልሶቻችን ደጋግመው ወደ እርጥበት ቢመለሱ ወደን አይደለም።

ጥያቄ፦ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ለገና ዳቦ ቆሎ በትንንሽ ጠርሙስ እያደረግሁ ልሰጥ አስቤያለሁ። የምሠራው ግን አንዳንዴ ጥርስ ይሰብራል፣ አንዳንዴ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይለሰልሳል። ልኩ ምንድን ነው? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ጥርስ የሚሰብረው ዘይቱ ያነሰና ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ የታሸ ነው። የሚለሰልሰው ደግሞ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ሳይደርቅ ከምጣድ የወረደ፣ ወይም ሳይበርድ የተከደነ ነው።

ለ1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት 150 ሚሊ ሊትር ዘይት (ሁለት የቡና ሲኒ ያህል)፣ 100 ግራም ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨውና ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይበቃል። ዱቄቱን፣ ጨውንና በርበሬውን ይቀላቅሉና ውኃ ከመግባቱ በፊት ዘይቱን ጨምረው፣ በሁለት መዳፍ መካከል እያሹ ዱቄቱን በደንብ ያጠጡት። ይህን ቅደም ተከተል አይለውጡት። ዘይት ቀድሞ የጠጣ ዱቄት ውኃ ሲያገኝ አይለጠጥም፤ ያልተለጠጠ ሊጥ ደግሞ ሲደርቅ ይሰባበራል እንጂ አይጠነክርም። ከዚያ ስኳሩን በ350 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አሟሙተው ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ሊጡ ተሰብስቦ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው እርስዎም ይተዉት፤ ከዚህ በላይ ማሸት ነው ዳቦ የሚያደርገው።

20 ደቂቃ ሸፍነው ካሳረፉት በኋላ በእርሳስ ውፍረት እያንከባለሉ፣ በትንሽ ጣት ጥፍር ርዝመት ይቁረጡት። መጠኑ ከተበላለጠ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ምጣድ ላይ ከሆነ በመለስተኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያመሱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፤ በኦቨን ከሆነ በ160 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያህል፣ ሁለት ጊዜ እያገላበጡ። ቀለሙን አይመኑት፤ በርበሬ ያለበት ሊጥ ሳይደርስ የደረሰ ይመስላል። ወፈር ያለችውን አንድ ፍሬ መርጠው ይስበሯት። መሃሏ ጠቆር ብሎ በጥፍር ሲጫኑት ከሰመጠ ገና ነው፤ ዳሩም መሃሉም እኩል ነጥቶ "ቀጭ" ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ (ኮዬ ፈጬ ላለ ሰው ይህን ማንሳት ለቀባሪው ማርዳት ነው) ሰፌድ ላይ ዘርግተው ይጠብቁ፣ ሲመጣ ይቀጥሉ። ዳቦ ቆሎ መቋረጥ አይጎዳውም።

ሲወርድ ሰፌድ ላይ ሳስ አድርገው ዘርግተው 3 ሰዓት ያህል ያብርዱት፤ ለብ ያለ እንኳ ከሆነ ክዳን ሥር ላብ ያወጣል። ከ1 ኪሎ ዱቄት ከ1.1 እስከ 1.2 ኪሎ ይወጣል፤ 200 ግራም በሚይዝ ጠርሙስ አምስት ስድስት ሰው ያዳርሳል። በደንብ የደረቀው በታሸገ ጠርሙስ አንድ ወር ይቆያል። ከዚያ በኋላ የሚያበላሸው ሻጋታ ሳይሆን የዘይቱ መሽተት ነውና ዘይቱ ሲጀመርም ትኩስ ይሁን፤ ሳምቡሳ የተጠበሰበትን አይጠቀሙ።

ከበዓሉ በፊት በሥራ ቀን ስለሚሰጡት ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይግባበት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 28 ይዘልቃል። ክዳኑ ላይ "የጾም" ብለው ይጻፉበት፤ ተቀባዩ እንዳያፍር፣ እንዳይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ወላጆች ለገና ጭኮ ልወስድ ነው። እኔ ስሠራው ሲቀዘቅዝ ቅቤው ከታች ይረጋል፣ በሶው ከላይ ይፈረፈራል። ቅቤውም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት እንዳይሆን እሰጋለሁ። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ከቅቤው እንጀምር፤ ጭኮ ውስጥ መጥፎ ቅቤ የሚደበቅበት ቦታ የለም። ደጅዎ ላይ የሚያልፈው መንገድ በሰንዳፋና በአለልቱ አድርጎ ሸኖ ያደርሳልና ቅቤ ፍለጋ ሩቅ አይሄዱም። ነገር ግን "የሸኖ ነው" መባሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበትን ቅቤ በዓይንና በአፍንጫ ለይቶ መማል አይቻልም፤ በየመንደሩ የሚነገሩትን መፈተኛዎች አይመኑ። ሲነጠር ግን ራሱን የሚያጋልጥ ማጭበርበር አለ። ዱቄት፣ ድንች ወይም ሙዝ የገባበት ከድስቱ ሥር ወፍራም ዝቃጭ ይይዛል፤ ውኃ የበዛበት ረጅም ጊዜ ሲንጣጣ ይቆይና መጠኑ ክፉኛ ያንሳል። ደህና ቅቤ ከሆነ 2 ኪሎ ጥሬ ነጥሮ ወደ 1.5 ኪሎ ይሰጣል። በዓሉ ሳይደርስ ግማሽ ኪሎ ገዝተው ያንጥሩና ይመዝኑት፤ ከወደዱት ከዚያው ሻጭ ይጨምሩ።

ለጋ ወይም መካከለኛ ቅቤ ይምረጡ። በሳሉ ለዶሮ ወጥ ግሩም ነው፤ ለጭኮ ግን ጠረኑ በሶውን ይጫነዋል ባዮች ነን። 2 ኪሎውን በቀዝቃዛ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥበው በመለስተኛ እሳት ያቅልጡት፣ አረፋውን ይግፈፉ። 1 የሻይ ማንኪያ አብሽና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ አስቀድመው ይግቡ። 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና አንድ እፍኝ ኮሰረት ደግሞ ሊወርድ 10 ደቂቃ ሲቀረው፤ ቀድመው ከገቡ ሽታቸው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለወጥ ቅቤ ይሁኑ፤ ለሚሰነብት ጭኮ እርጥብ ነገር ባይገባ ይመረጣል። ቅቤው መንጣጣቱን ትቶ ጸጥ ሲል፣ የድስቱም ሥር ጥርት ብሎ ሲታይ ውኃው አልቋል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት፤ አተላውን ለማትረፍ ብለው ጨርቁን አይጭመቁ።

አሁን ወደ መለያየቱ። ቅቤው ትኩስ ሆኖ ስለሚገባ ነው። ትኩስ ቅቤ ቀጭን ነው፤ በሶው ሳይዘው ቁልቁል ይወርድና እዚያው ይረጋል። ጣት ሲነክሩበት ሙቀቱ እስከማይታወቅ ይብረድ፤ ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር ትክክለኛው ጊዜ ነው። ለ1 ኪሎ በሶ 600 ግራም ንጥር ቅቤ ያዘጋጁ፣ መጀመሪያ 500ውን ይጨምሩ፣ የቀረውን እያዩ። በሶው በጥሩ ወንፊት ይነፋ፤ ሻካራ ከሆነ ቅቤውን አይይዝም። 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ከደረቁ ጋር አስቀድመው ይቀላቅሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሹት። ሲጨብጡት ቅርጹን ከያዘና በጣቶችዎ መካከል ቅባት ካልወጣ በቅቶታል። ላዩ ካብረቀረቀ በሶ፣ ከፈረሰ ቅቤ ይጨምሩ።

በጾም የሚሠራ ጭኮ አንድ ፈተና አለበት፤ ሠሪዋ አትቀምስም። ጨውና በርበሬ "በዓይን" ሲለካ የኖረው ቀምሶ ማስተካከል ስላለ ነው። ስለዚህ የዚህን ጊዜ በሚዛንና በማንኪያ ይለኩ፤ ከተጠራጠሩ ጨውን ያሳንሱ። የፍስክ ነውና ከታኅሣሥ 29 በፊት ቢያደርሱትም እዚያው ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። መቀመጡ አይጎዳውም፤ ውኃ ያልነካው ጭኮ በተከደነ ዕቃ ለወራት ይቆያል። እርጥብ እጅና እርጥብ ማንኪያ ብቻ ያርቁበት። በታኅሣሥ ብርድ ቢጠነክር ተበላሽቶ አይደለም፣ ቅቤው ረግቶ ነው፤ ከመቅረቡ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይዋል።

ጥያቄ፦ አዋዜ በነጭ ሽንኩርት ሠርቼ፣ ላዩን ዘይት አልብሼ፣ በጠርሙስ ለዘመድ ልሰጥ ነው። ከፍሪጅ ውጭ ስንት ጊዜ ይቆያል? (ከሰበታ)

መልስ፦ ከፍሪጅ ውጭ አያስቀምጡት፤ በዚህ አሠራርም ለስጦታ አይስጡት። "ዘይት ካለበሱት አየር አያገኘውም፣ አይበላሽም" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ አደጋው ያለው እዚያው ግማሽ ላይ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይገኛል፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋርም ይመጣል፣ የሚራባውም አየር በሌለበት ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል፤ የሚያጠቃው ነርቭን ነው፣ ይገድላልም። የባክቴሪያው ዘር በተራ መፍላት አይሞትም፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት በእኛ አገር ከፍታማ ደግሞ ጭራሽ።

ይልቅ ደረቁን ይስጡ። 250 ግራም በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ዝንጅብል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ጨው እንደ በርበሬው። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ያስሩበት፦ "3 የሾርባ ማንኪያ በ3 ማንኪያ ጠጅ ወይም ውኃና በ1 ማንኪያ ዘይት በጥብጠው ያቅርቡ።" ተቀባዩ በተበጠበጠ በደቂቃ ውስጥ ትኩስ አዋዜ ይበላል፣ እርስዎም እንቅልፍ አያጡም።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት አይቼ የእንጆሪ ማርማላታ ሠራሁ። 104 ዲግሪ እስኪደርስ ይፍላ ስላለ ቴርሞሜትር ገዝቼ ጠበቅሁ፤ የወጣው ግን ማንኪያ የማያስገባ ከረሜላ ነው። ምን አጠፋሁ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ምንም። ያ ቁጥር ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ ለማይል አገር የተጻፈ ነው። ውኃ ባሕር ዳር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ 92፣ እርስዎ ዘንድ ደግሞ 91 ገደማ። ማርማላታ የሚረጋው ውኃ ከሚፈላበት 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው፤ ለሱሉልታ 95 ወይም 96 ማለት ነው። 104 ሲጠብቁ ውኃው ተንኖ አልቆ ስኳሩ ከረሜላ ሆነ።

የእኛንም ቁጥር በጭፍን አይውሰዱ፤ ርካሽ ቴርሞሜትር አንድ ሁለት ዲግሪ ይስታል። መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ አፍልተው ስንት እንደሚያሳይ ያንብቡ፣ እዚያ ላይ 4 ተኩል ይደምሩ፣ ያ ነው የቤትዎ ቁጥር። ማረጋገጫው ሳህን ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ በቀዘቀዘ ሳህን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ አድርገው አንድ ደቂቃ ይጠብቁና በጣት ይግፉት። ላዩ ከተጨማደደ ያውርዱት። ሲሞክሩ እሳቱን ያጥፉ፤ ብዙ ማርማላታ የሚያልፍበት በዚያች አንድ ደቂቃ ነው።

ለ1 ኪሎ እንጆሪ 800 ግራም ስኳርና የ3 ሎሚ ጭማቂ። እንጆሪ በራሱ የመርጋት ኃይሉ ደካማ ነው፤ ሎሚው ለጣዕም ብቻ የገባ እንዳይመስልዎ። ከፍሬው ሩብ ያህሉ ገና ያልለሰለሰ ቢሆን ይረዳል። ስኳር ተወደደ ብለው በግማሽ ከቀነሱት ከፍሪጅ የማይወጣና ቶሎ የሚበላ ይሆናል፤ ለስጦታ አይመችም። ጠርሙሶቹን በፈላ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቆዩ (የውጭ አገር መመሪያ 10 ይላል፣ የእኛ ውኃ ግን ያን ያህል አይሞቅም)፣ ሳይበርዱ ይሙሏቸው፣ ወዲያው ይክደኑ። የኮመጠጠ አትክልት የነበረበት ጠርሙስ ራሱ ይታጠባል፤ ክዳኑ ግን ሽታውን አይለቅም፣ ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ለገና ድፎ ዳቦ ጋግሬ እወስዳለሁ። አንዳንዴ ይኮመጥጣል፣ መሃሉም ይቦካል። ባለፈው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ከሥሩ ሻገተ። (ከገላን)

መልስ፦ ሊጡ ከልኩ በላይ ኩፍ ብሎ፣ እሳቱ ሳይጨርሰው ወጥቶ፣ ሳይበርድ ተጠቅልሎ ነው።

ከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ይነሳል። ለ2 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት የፋብሪካ ደረቅ እርሾ 15 ግራም (5 የሻይ ማንኪያ ያህል) ይበቃል፤ ፓኬቱ ላይ ከዚህ በላይ ቢልም አይስሙት። 1.2 ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 35 ግራም ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ግማሽ ሲኒ ዘይት። ሰዓት ሳይሆን መጠኑን ይዩ፤ እጥፍ ሲሆን ይበቃዋል። ጣት ሰክተው ሲያወጡ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ወደ ምጣድ። ሳይመለስ ከቀረና ሊጡ ከሰመጠ አልፏል፤ መልሰው ትንሽ ይሹትና ግማሽ ሰዓት ይስጡት፣ መኮምጠጡ ግን በከፊል ይቀራል።

ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ወፍራሙን አከርካሪ ልጠው፣ በእሳት ላይ ሲያሳልፉት ይለዝባል፤ ካልለዘበ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ከሥርም ከላይም ያልብሱት። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ሙቀቱን ዝቅ አድርገው፣ አክንባሎ ከድነው፣ መሃል ላይ አንዴ ገልብጠው ከ50 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ሙቀቱ ከፍ ካለ ቅርፊቱ ይቀድምና መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ቀጭን እንጨት ሰክተው ደረቅ ሆኖ ይውጣ። ቴርሞሜትር ካለዎት ለሱሉልታው ጠያቂ ያልነው እዚህም ይሠራል፤ የውጭ መጻሕፍት የዳቦው መሃል 96 ዲግሪ ይድረስ ይላሉ፣ እኛ ዘንድ ግን 90 ከደረሰ በስሏል፤ 96ን ቢጠብቁ ዳቦው አርሮም አይደርስም።

የሻገተው ከሥሩ መሆኑ ነገሩን ይናገራል። የሥሩ ኮባ እንፋሎቱን ይዞ ያስቀራል። ከምጣድ እንደወጣ ኮባውን ልጠው፣ ሥሩ አየር እንዲያገኝ ሰፌድ ላይ ገልብጠው 5 ወይም 6 ሰዓት ያብርዱት። ለማሳመር ኮባ ከፈለጉ ሲያደርሱ አዲስ ያንጥፉለት። በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በመሶብ ወይም በካርቶን ይውሰዱ። በዋዜማው ጠዋት የተጋገረ እስከ በዓሉ ማግስት ደህና ይቆያል። "ልቅመሰው" ብለው እንዳይቆርሱት፤ ድፎ ሙሉውን ነው የሚሰጠው፣ የሚቆርሰውም የቤቱ ትልቅ ሰው ነው። መብሰሉን ለማየት አንድ ጭብጥ ሊጥ ለይተው ትንሽ ሙከራ ዳቦ ጎን ላይ ይጋግሩ።

ጥያቄ፦ ጠጅ በውስኪ ጠርሙስ አሽጌ ለወንድሜ ልኬ ታክሲ ውስጥ ፈነዳ። (ከቡራዩ)

መልስ፦ ሰው ያልተጎዳ ከሆነ እግዜር ይመስገን። ጠጁ ገና እየሠራ ነው የታሸገው፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ሰበረ። በ1 እጅ ማር 3 እጅ ውኃ የተጣለ ጠጅ በታኅሣሥ ብርድ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል፣ ጣፋጭነት የቀረው ደግሞ ሁልጊዜ መልሶ ሊነሳ ይችላል። ጌሾውን አውጥተው አጥልለው፣ መጀመሪያ በሃይላንድ ላስቲክ ጠርሙስ ሩቡን ባዶ ትተው አንድ ሌሊት ይክደኑ። ጠዋት ላስቲኩ በጣት ሲጫኑት ካልሰመጠ ገና እየሠራ ነው። መላክ ካለበት በዚያው ላስቲክ፣ ክዳኑን ላላ አድርገው፣ አቁመው ይላኩት። የመስታወት ጠርሙሱ ባዶውን ይሂድ፤ ወንድምዎ ለማዕድ ሲያቀርቡ ይገለብጡታል።

ጥያቄ፦ በምንኖርበት ሕንፃ ላይ ክርስቲያንም ሙስሊምም ጎረቤት አለን። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አዘጋጅቼ ማዳረስ እፈልጋለሁ። ምን ይሻላል? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ሥጋ ያለበትን ነገርና ጠጅን ከወዲሁ ይተዉት። ሥጋ በሁለቱም ወገን የየራሱ ባራኪ አለው፣ ማንም አይከፋበትም፤ የሚያስከፋው ሳያውቁ ማቅረብ ነው። ቅቤ ለሙስሊም ጎረቤትዎ ችግር የለበትም፤ ለክርስቲያኑ ግን ቀኑን ይዩ። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ግን ይጾማሉ፤ ጥር 10 የጥምቀት ገሃድም እንዲሁ። ከፋሲካ ቀጥሎ ባሉት 50 ቀናት ብቻ ነው ረቡዕ ዓርብ የማይጠየቀው።

ሁሉንም የሚያስማማው ቆሎ፣ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ ወይም ማር ነው። ቆሎ ከመረጡ ገብሱን፣ ሽምብራውንና ሱፉን ለየብቻ ይቁሉ፤ አብረው ምጣድ ላይ ከወጡ ሱፉ አርሮ ሽምብራው ጥሬ ይሆናል። ለውዙን ለብቻ በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ከላይ ያስቀምጡ፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ያለበት ቤት አንስቶ ማስቀመጥ ይችላል፣ ከተቀላቀለ ግን ሙሉው ይጣላል። ስኳር ላለባቸው አዛውንት ያልጣፈጠ ቆሎ ከዳቦ ቆሎው ይሻላል። ማር ከሆነ ደግሞ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ላለባት እናት በቃል ይንገሯት፤ ለሕፃኑ በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም። ምክንያቱ አዋዜው ላይ ያነሳነው ያው ቦቱሊዝም ነው፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የባክቴሪያውን ዘር (መርዙን አይደለም) የአዋቂ ሆድ ይቋቋመዋል፣ የሕፃን ግን አይችልም።

ጥያቄ፦ ልጄ ጀርመን ናት። ለገና ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣና በርበሬ በሰው ልልክላት ነበር። እንዳይበላሽ እንዴት ልጠቅልለው? (ከዓለም ገና)

መልስ፦ ቅቤውና ቋንጣው ቢጠቀለልም አያልፍም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅብረቱ ውጭ በተጓዥ ሻንጣም ሆነ በፖስታ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይከለክላሉ፤ ጭኮና አይብም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ከተገኘ ይወሰዳል፣ ለተሸካሚውም ጣጣ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶና በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ የእንስሳት ተዋጽኦ ስላልሆኑ በዚህ እገዳ ውስጥ አይገቡም።

ቅቤውን እዚያው ታንጥረው። እርስዎ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ግማሽ እፍኝ ደረቅ ኮሰረት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽና ቆንጠር እርድ በአንድ ትንሽ ከረጢት አድርገው ይላኩላት፤ ለ1 ኪሎ ቅቤ ነው፣ በየከረጢቱ ላይ ይጻፉበት። ጨው የሌለበትን ትግዛ። 1 ኪሎው ነጥሮ 800 ግራም ገደማ ይሆንላታል፤ በሶውንም ከላኩላት ጭኮዋን ራሷ ታሸዋለች።

በርበሬው ከወፍጮ ቤት ሲመጣ ሙቅ ነው። ትሪ ላይ ዘርግተው በስስ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩት እንጂ ያኑ ዕለት አያሽጉት፤ ሙቀቱ ላስቲኩ ውስጥ ውኃ ይሆንና ይሻግታል። ግማሽ ግማሽ ኪሎ አድርገው በሁለት ድርብ ላስቲክ፣ አየሩን ጨምቀው አውጥተው ይሰሩት። ሻንጣ ውስጥ ከጫማ ጋር እንጂ ከነጠላና ከሸሚዝ ጋር አያድርጉት፤ ላስቲኩ ቢቀደድ በርበሬ ከነጭ ልብስ አይለቅም።